ሁለት ዋስ ያለው ሰው

ከሆስፒታሉ የመጣው ደብዳቤ ለሐሙስ ጠዋት ሦስት ነገር ይዘህ ቅረብ ይላል። ባዶ ሆድ፣ የደም ምርመራ ውጤት እና አንድ ሰው።

ባዶ ሆድ ኢዮስያስን አላስቸገረውም። ዐቢይ ጾም ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነበርና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ መዋል ለምዶታል። የደሙን ውጤት ሆስፒታሉ ራሱ መርምሮ ራሱ ዘንድ ያስቀመጠው ስለሆነ ለምን ከእሱ እንደሚጠየቅ አልገባውም፤ ቢሆንም ታዘዘና አሳትሞ አዘጋጀ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ግን መነጽሩን ጠራርጎ ደብዳቤውን ከላይ ጀምሮ እንደገና አነበበው።

በ2079 ዓ.ም. ደሴ ከተማ ውስጥ ይህ ሕግ እንግዳ የሚሆንበት ሰው የለም። ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ቃሉ ለአንድ ሙሉ ቀን ይታገዳል። መኪና ወዴት ብሎ አይጠይቀውም። የቤቱ በር ድምፁን ሰምቶ አይከፈትም። በሌላው ቀን ስልክ የሚያነሳለት፣ ሰላምታ የሚመልስለት፣ ለቅሶ የሚደርስለት በድምፁ የሚናገረው ማሽን፣ ወኪሉ እንኳ፣ ትእዛዙን አይቀበልም። ስለዚህ ለዚያ ቀን ቃሉን የሚይዝለት ዋስ ያስፈልገዋል። ዋሱ መውጫው ላይ መዝገብ በሚባለው ተናጋሪ ማሽን ላይ እጁን ያሳርፋል፣ በሽተኛውን ይረከባል፣ ቤት ያደርሰዋል፣ እስኪነጋ አጠገቡ ይቆያል። በዚያ ቀን ዋሱ የተናገረው ሁሉ በሽተኛው እንደተናገረው ይቆጠራል። ዋሱ የሰውየውን ቤት ሽጡ ቢል ይሸጣል የሚሉ አሉ። ያ ድሮ ነው፣ አሁን ተስተካክሏል የሚሉም አሉ። አንድ ነገር ላይ ግን ሁሉም ይስማማል፤ ለዋስነት ወኪል መላክ አይቻልም። ሰውየው ራሱ፣ በእግሩ መምጣት አለበት።

ኢዮስያስ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለከተማው ውሃ አገልግሎት ቧንቧ ያዳምጣል። መሣሪያዎቹ ውሃው የት እንደሚባክን ያሳያሉ፤ ለምን እንደሚባክን አንዳንዴ አይነግሩም። ያኔ እሱ ይጠራል። የብረት ዘንጉን መሬት ላይ ያቆምና ጆሮውን ጫፉ ላይ ያሳርፋል። አንድ ሰዓት የሚፈጅበት ጊዜ አለ፣ ሦስት ሰዓትም የሚፈጅበት አለ፤ ቸኩሎ አያውቅም። ማንም አላስተማረውም። ሚስቱ ካረፈች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ልጅ አልነበራቸውም፤ ሆጤ አካባቢ ካለ ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል።

ሐሞቱ ውስጥ ጠጠር ከተገኘ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሦስት ጊዜ መሬት ላይ ጥሎታል። ሐኪሟ አራተኛው እንዲህ በቀላሉ አይለቅህም ብላዋለች። ይህ ሐሙስ ካመለጠው ቀጣዩ ቀጠሮ ከመስቀል በኋላ ነው።

መጀመሪያ ያሰበው የንስሐ አባቱን ነበር። አባ ኪሮስ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሕጉ አንድ ሰው በዓመት ከሦስት ጊዜ በላይ ዋስ እንዳይሆን ይከለክላል፤ የእሳቸው ሦስቱ መስከረም ሳያልቅ ሞልቷል። የደሴ ቄሶች፣ ሼሆችና መምህራን ሁሉ እንደዚያው ናቸው አሉት፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ሁሉ ወደ እነሱ ይመጣል። በሚመጣው ዓመት ታመም ለማለት ደግሞ አፋቸው አልደፈረም። ሊሰናበት ተነሥቶ ሳለ አንድ ያሳሰበውን ነገር ጠየቃቸው።

«አባ፣ ቃሌ በታገደበት ቀን የምጸልየው ጸሎትስ ይቆጠራል?»

አባ ኪሮስ መስቀላቸውን አሳለሙት። «እሱን እኔም አላውቅ። ጸልይና ትነግረኛለህ።»

ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ተከፍሏቸው በዋስነት የሚያድሩ ሰዎች ይቆማሉ፤ ንጹሕ ለብሰው፣ የምስጋና ደብዳቤ በፕላስቲክ ሸፍነው። ኢዮስያስ ሁለት ቀን እዚያ አልፎ አያቸው። ክፉ ሰዎች አይመስሉም። ነገር ግን ከመካከላቸው የትኛውን አንድ ቀን ሙሉ እኔን ሁንልኝ እንደሚለው ማሰብ አቃተው።

የቀረችው እህቱ ሶስና ናት። ኮምቦልቻ ትኖራለች፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። እናታቸው ካረፉ ወዲህ፣ ማለት ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በአካል አልተያዩም። ተጣልተው አይደለም። ወኪሎቻቸው በየሳምንቱ እሑድ ይነጋገራሉ፤ ኢዮስያስም ማታውን የንግግሩን ማጠቃለያ ያነባል። ሶስና ደህና ናት። ስለ ጤናህ ጠይቃለች። ስለ ጤናዋ ጠይቀሃል። ፋብሪካው አዲስ መፍተያ አስገብቷል። እንኳን ለበዓሉ አደረሰህ ብላሃለች፣ እንኳን አብሮ አደረሰን ብለሃል። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ውስጥ አንዲት ክፉ ቃል አልነበረችም። አሁን ግን ማጠቃለያዎቹን ወደ ኋላ እየመለሰ ሲያያቸው፣ እሷ ራሷ ያለችው የቱ እንደሆነ መለየት አልቻለም። እሱ ራሱ ያለው የቱ እንደሆነም እንዲሁ።

ማክሰኞ ከሥራ ሲመለስ ወኪሉን አሰናብቶ በራሱ ድምፅ ደወለ። ቶሎ አላነሳችም። ስታነሳም ሰላምታ አላስቀደመችም።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም። እኔ ነኝ።»

«ኢዮሲ? ታዲያ ምን ሆነህ ነው አንተ ራስህ የምትደውለው?»

ነገራት። ዋስ የሚለውን ቃል ሲጠራ በመስመሩ ላይ ዝምታ ሆነ። ዝምታ ማዳመጥ ሥራው ስለሆነ፣ ይህኛው ውሃ የሌለበት ቧንቧ ዝምታ እንዳልሆነ ዐወቀ። ከዚያ ሶስና በፍጥነት እሺ አለች። እሺ፣ ምን ችግር አለው፣ እመጣለሁ። ቅጹን ሞልታ እንደምትልክ ነገረችውና ሥራ ላይ ነኝ ብላ ዘጋች።

እሺታዋ የፈጠነው አስጨነቀው። እሱ ራሱ ባለፈው ዓመት ለሦስት ሠርግ እሺ ብሎ ሦስቱም ላይ ወኪሉን ልኳል። ሰው ፊት ለፊት አይሆንልኝም የሚል ሰው አግኝቶ አያውቅም፤ ሁሉም እሺ ይላል፣ የሚመጣውን ከማይመጣው መለየት የጠሪው ዕዳ ነው። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ደግሞ አላምንሽም ማለት ይሆናል። አልጠየቃትም።

በማግስቱ ጎረቤቱን ጋሽ ኑርሁሴንን አንኳኳ። ጋሽ ኑርሁሴን ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ሲነዱ ኖረው፣ ሰው መኪና መንዳት ሲከለከል ከመንገዱ ወርደዋል። ኢዮስያስ ቤታቸው ገብቶ አያውቅም። ነገር ግን በግድግዳው ውስጥ በሚያልፈው ቧንቧ በኩል በቀን አምስት ጊዜ ሲታጠቡ ይሰማቸዋል፤ ሌሊት ላይ ያቺ ውሃ ስትዘገይ አሟቸው ይሆን ብሎ እስከማሰብ የደረሰበት ጊዜ አለ። ይህን ግን ነግሯቸው አያውቅም።

ጋሽ ኑርሁሴን ቆመው በጥሞና ሰሙት።

«ሐሙስ ምን አለብኝ» አሉ። «በአላህ ፈቃድ እመጣለሁ። አብሽር።»

ይህም እሺ ያው እሺ ነው። ኢዮስያስ ወደ ቤቱ ተመልሶ ሶስና ሞልታ የላከችውን ቅጽ አወጣ። ቅጹ ላይ ለተጠባባቂ ዋስ የሚሆን መስመር የለም። ስለዚህ ሁለተኛ ቅጽ ሞላ። እህቱን ጎረቤትም ጠይቄያለሁ ቢላት አላመንከኝም ትላለች። ጋሽ ኑርሁሴንን ሁለተኛ ነዎት ቢላቸው ሽማግሌ ማዋረድ ይሆንበታል። ለሁለቱም ዝም አለ። ከሁለት አንዱ መቼም ይመጣል ብሎ ጸሎቱን አድርሶ ተኛ።

ሐሙስ ጠዋት የማደንዘዣ ባለሙያው ጭምብሉን ይዞ ከራስጌው ቆመና የመጨረሻውን የሚመዘገብ ቃሉን እንዲናገር ጠየቀው። ቃሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ኢዮስያስ «ቃሌን ለዋሴ ሰጥቻለሁ» አለ። ትንሽ ጊዜ የተረፈው ስለመሰለው ቀጥሎ በስመ አብ ጀመረ። ወወልድ ላይ ሲደርስ ክፍሉ ከእሱ ራቀ።

ሲነቃ የመጀመሪያው ያየው ነገር ከአልጋው ግርጌ የተሰቀለው ሰሌዳ ነው። የሶስና ወኪል እንኳን በሰላም ወጣህ ብሎ ጽፏል፤ የእሱ ወኪል ደግሞ አመስግኖ፣ ደህና ነኝ ብሎ መልሷል። ሰዓቱን አየ። መልእክቱን የተለዋወጡት እሱ ገና ከቀዶ ጥገናው ክፍል ሳይወጣ ነው። ለጥቂት ጊዜ ደህና መሆኑን ከእሱ በፊት ማን እንዳወቀ አሰበና ሐሳቡ መሐል ላይ ጠፋው።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ አልጋውን እየገፉ ወደ ማስረከቢያው ክፍል አወጡት። ረጅም ክፍል ነው። በስተቀኝ ወንበሮች፣ በስተግራ መስኮት፣ መሐል ላይ ኤፍራታ የምትባል ሠራተኛ የተቀመጠችበት ጠረጴዛ አለ። ስሙ ሲጠራ ከወንበሮቹ ላይ ሁለት ሰዎች ተነሡ። በመካከላቸው አንድ ባዶ ወንበር ነበር። ለሁለት ሰዓት ያህል ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሴትየዋ ስለ ቅዝቃዜው፣ ሰውየው ስለ መንገዱ አውርተው፣ ማንን እንደሚጠብቁ ግን አልተጠያየቁም። አሁን ሁለቱም ወደ ጠረጴዛው ሄደው፣ ሁለቱም እጃቸውን መዝገቡ ላይ አሳረፉ። መዝገቡ ላይ ቀይ መብራት በራ።

ሶስና ፀጉሯ ሸብቷል። ኢዮስያስ ያንን ሲያይ በማጠቃለያዎቹ ውስጥ እንዳልተጻፈ አስታወሰ።

ኤፍራታ ቅጾቹን አየች፣ እንደገና አየች፣ ተነፈሰች። ሁለት ዋስ ያለው ሰው በሕጉ ፊት ክርክር ያለበት ሰው እንደሆነ አስረዳቻቸው። ለማንም አይሰጥም። ከሁለቱ አንዳቸው በራሳቸው ድምፅ፣ መዝገቡ ፊት፣ ይህን ሰው አልወስድም ማለት አለባቸው። እንዲያ ያለ ሰው ደግሞ ለዚያ በሽተኛ ዳግመኛ ዋስ መሆን አይችልም፤ በሕይወት ዘመኑ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልተስማሙ በሽተኛው ቦሩ ሜዳ ወደሚገኘው ማቆያ ይላካል። እዚያ ያደረ ሰው መዝገቡ ላይ ተረካቢ ያላገኘ ተብሎ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያደነዝዘው ሆስፒታል ማግኘት ይከብደዋል።

ኢዮስያስ ከአልጋው ላይ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ ለማስረዳት ሞከረ። ምላሱ ወፍራም ሆኖበታል። የመጀመሪያው ቅጽ ይሁን፣ እህቴ ትውሰደኝ አለ። መዝገቡ በጨዋ ድምፅ «ይሰማል፤ አይመዘገብም» ብሎ መለሰለት። ጋሽ ኑርሁሴንም ይውሰዱኝ አለ። መዝገቡ ያንኑ ደገመ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኤፍራታ በዘጠኝ ዓመት ሥራዋ አይታ እንደማታውቅ ተናገረች። በሽተኛ ለመውሰድ የሚጣሉ ወንድማማቾች ታውቃለች፤ ባልና ሚስትም ታውቃለች። እነዚህ ሁለት ሰዎች ግን የሚጨቃጨቁት አንዱ ለሌላው ለመልቀቅ ነው፤ ለመልቀቅ የሚጠየቀውን ቃል ግን ሁለቱም መናገር አይችሉም። ሶስና እርስዎ ይውሰዱት፣ ጎረቤት ነዎት፣ ቅርቡ ነዎት ትላለች። ጋሽ ኑርሁሴን ኧረ አይሆንም፣ እኅት እያለች እኔ ማን ሆኜ ይላሉ። ታዲያ አልወስድም ይበሉ ስትባል ሶስና ቦርሳዋን ከፍታ ትዘጋለች። እርስዎስ ሲባሉ ጋሽ ኑርሁሴን ወደ እሷ ይጠቁማሉ። አንድ ጊዜ ሁለቱም አብረው ወደ መዝገቡ ሄዱ፤ ሁለቱም ሌላው ይናገራል ብለው ጠብቀው አብረው ተመለሱ።

ኤፍራታ ነገሩ የአነጋገር ሥርዓት ብቻ እንደሆነ፣ ማንም እንደማይቀየም ነገረቻቸው።

«ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት መኪና ነድቻለሁ» አሏት ጋሽ ኑርሁሴን። «ተሳፋሪ ተደባድቦብኛል፣ ጎማ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፈንድቶብኛል። መንገድ ዳር የቆመ ሰው አይቼ አልወስድህም ብዬ ግን አላውቅም።»

«ሲሞላብዎትስ?» አለች ሶስና።

«ሲሞላማ ጠጋ ጠጋ በሉ ነው የምለው።»

ሶስና ልትስቅ ጀምራ ተወችው። መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። ሰዓቱ ስምንት ተኩል አልፏል። ከውጭ ወደ ቦሩ ሜዳ የሚሄደው ነጭ መኪና መጥቶ በሩን ከፍቶ ቆሟል፤ ማንም አልተናደደበትም፣ ሰዓቱን አክብሮ መምጣቱ ነው።

ኢዮስያስ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ጎኑ ላይ ሦስት ቦታ ይጠዘጥዘዋል። ቃል የሌለው ሰው መሆን ምን እንደሚመስል በመገረም እያጤነው ነው። ክፉ አይደለም። እንደ ሕፃን ነው፤ ሁሉም ስለ እሱ ይነጋገራል፣ እሱን የሚጠይቅ የለም። ጸሎት ሞከረ። ከአንደበቱ አልወጣም፣ ከውስጡ ግን እንደሌላው ቀን ይወርዳል። ለአባ ኪሮስ የሚነግራቸው ይህን ያህል ብቻ ነው።

ሶስና ወደ ጋሽ ኑርሁሴን ተመልሳ፣ ባዶውን ወንበር ትታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

«እኔ ከዚህ በፊት ቃል ይዤ አውቃለሁ» አለች። «የእናታችንን።»

ከስድስት ዓመት በፊት ነው። እናታቸው ለጨጓራ ምርመራ እዚሁ ሆስፒታል መጥተው ማደንዘዣ ወሰዱ። ዋሳቸው ሶስና ነበረች። መኪናው ውስጥ ሲገቡ እናትየው ኢዮስያስ ጋ ውሰጂኝ አሉ። ሶስና መድኃኒቱ ነው ብላ ዝም አለች። ደገሙት። የልጄ ቤት እኮ እዚህ ነው፣ አሥር ደቂቃ ነው፣ ምን አለበት፣ ኢዮስያስ ጋ ውሰጂኝ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው አድራሻ ኮምቦልቻ ነው። የበሽተኛው ቃል ለአንድ ቀን እንደማይቆጠር ተነግሯታል፣ ፈርማለታለች። መኪናው አድራሻው ይረጋገጥ ሲላት አዎ አለች። እናትየው ቁልቁለቱን እስኪጨርሱ ድረስ ሲለምኗት ኖረው ከዚያ ዝም አሉ። በማግስቱ ቃላቸው ሲመለስ ምንም አላነሡም። ስምንት ቀን ቆይተው አረፉ።

«ሕጉን አልጣስኩም» አለች ሶስና። «አንድም ነገር አላጠፋሁም። ጠይቄ አውቃለሁ፣ አላጠፋሽም ብለውኛል። ግን እሱን እንዴት አድርጌ ልንገረው። በየእሑዱ ወኪሌ ደህና ናት ይለዋል፣ እኔም ተገላገልኩ እላለሁ። አሁንማ ሲደውልልኝ እንቢ እንዴት ይባላል? እሺ አልኩ። ከማክሰኞ ጀምሮ አልተኛሁም።»

ጋሽ ኑርሁሴን አልጋውን በዓይናቸው ጠቆሟት። ይሰማሻል እኮ ማለታቸው ነው።

«ዐውቃለሁ» አለች። «ዛሬ አይቆጠርበትም ብዬ ነው።»

ኢዮስያስ ዓይኑን አልገለጠም። በሥራው የለመደው አንድ ነገር አለ፤ የሚፈሰው ድምፅ ከተሰማ በኋላ ወዲያው አለመነሣት። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይቸኩላል፣ ቆፍሮም ያልሆነውን ያገኛል። ዝም ብሎ ተኝቶ አዳመጠ። እናቱ አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ስሙን ሲጠሩ እሱ የት እንደነበረ አሰበ። ቤቱ ነበር ምናልባት። ምናልባትም ዘንጉን ተክሎ የሆነ መንገድ ላይ ጆሮውን አሳርፎ ነበር።

ሶስና ተነሥታ ወደ መዝገቡ ሄደች። ስትሄድ ማንንም አላየችም።

«የእናቴን ቃል ይዤ የሰማሁት ወረቀቱን ነው» አለች ለኤፍራታ። «የእሱን አልይዝም።» ከዚያ ወደ መዝገቡ ዘንበል ብላ፣ ቃል በቃል፣ «ይህን ሰው አልወስድም» አለች።

መዝገቡ ይህ ለዘለዓለም መሆኑን ያውቃሉ ወይ ብሎ ጠየቃት። አዎ አለች። ያረጋግጡ አላት። አረጋገጠች። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቃት ድምፅዋ ተሰበረ፤ መዝገቡ ግልጽ አይደለም፣ ይድገሙ ብሎ አራተኛ አስደገማት። ቀዩ መብራት ጠፋ። ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ደቂቃ ነበር። ነጩ መኪና በሩን ዘግቶ ባዶውን ሄደ።

ጋሽ ኑርሁሴን እጃቸውን አሳረፉና ኢዮስያስን ተረከቡ። ሁለት ሠራተኞች ደግፈው መኪናው ውስጥ አስገቡት፣ የኋላውን ወንበር ዘርግተው አስተኙት። ሶስና ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ደህና ዋሉ ልትል ይመስላል።

«ወዴት ነው?» አሏት ጋሽ ኑርሁሴን።

«እኔማ አልወስድም ብያለሁ።»

«እሱን ለማሽኑ ነው ያልሽው። ለእኔ አላልሽኝም። ግቢ።»

ከኢዮስያስ እግር ሥር፣ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ኑርሁሴን ፊት ተቀመጡ፤ ድሮ መሪ በነበረበት በኩል። እግራቸው በልማድ ፍሬኑን ፈልጎ ወለሉን ነካካ። መኪናው የተመዘገበው አድራሻ ሆጤ፣ ዘጠነኛ ፎቅ እንደሆነ ተናገረና ዋሱ እንዲያረጋግጡ ጠየቀ። ሁሉም ዋስ እዚህ ላይ አዎ ይላል። ጋሽ ኑርሁሴን ግን ወደ ኋላ ዞሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንንም ሳይጠይቁ ጭነው አያውቁም።

«የት ላድርስህ?» አሉት።

ኢዮስያስ የራሱን መልስ ለመስማት እንደ ሌላ ሰው ጠበቀ። ምን እንደሚል በእርግጥ አላወቀም ነበር። አፉ ደረቅ ነው፣ ቃሉም ቀስ ብሎ መጣ።

«ኮምቦልቻ» አለ። «ሶስና ቤት።»

«አያውቅም እኮ» አለች ሶስና ቶሎ ብላ። «መድኃኒቱ ነው። ጋሼ፣ ዛሬ የሚለው አይቆጠርም።»

ጋሽ ኑርሁሴን ረጋ ብለው፣ እንደገና የት ላድርስህ አሉት። ኢዮስያስ ያንኑ ደገመ። ከዚያ ወደ ፊት ዞረው ለመኪናው ኮምቦልቻ አሉት፣ ሰፈሩን ሶስናን ጠይቀው ነገሩት። መኪናው ይህ ከተመዘገበው አድራሻ ውጭ መሆኑን አስታወቀ። ኃላፊነቱን ዋሱ ይወስዳሉ ወይ አለ።

«እኔ ሰምቼዋለሁ» አሉ ጋሽ ኑርሁሴን። «ሂድ።»

ፒያሳን አልፈው ወደ መውጫው አቀኑ። የሐረጎ ቁልቁለት ሲጀምር ኢዮስያስ በጠመዝማዛው ሁሉ ጎኑን ያዝ እያደረገ መስኮቱን ያይ ነበር። ሶስና እግሩ እንዳይንሸራተት ሳታስበው ቁርጭምጭሚቱን ይዛለች። ስለ እናታቸው ምንም አላለችም፣ እሱም አልጠየቃትም። ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ ግን ቤቷ እንዳልተጠረገ ተናገረች። ሦስተኛው ላይ አልጋው አንድ ብቻ እንደሆነ፣ ፍራሽ ግን ቁም ሳጥኑ ላይ መኖሩን፣ ከዚያ ከወረደ ዓመታት ማለፋቸውን። ምን ይበላ ይሆን ብላ ጠየቀች፤ ጾም ስለሆነና ቅባትም ስለተከለከለ ብዙ የሚመረጥ ነገር እንደሌለ ራሷ መለሰች። ከዚያ ዋሱ እስኪነጋ እንደሚቆይ ትዝ አላትና የፊተኛውን ወንበር አየች።

«እርስዎም እኮ እዚያ ነው የሚያድሩት» አለች።

«ታዲያስ» አሉ ጋሽ ኑርሁሴን። «ፍራሹን እኔ አወርድልሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ስንደርስ የዐስር ሶላት ይደርሳል፣ መስገድ አለብኝ። ከቤትሽ ሰሜን፣ መካ ያለችበት፣ በየት በኩል ነው?»

ሶስና አላወቀችም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ ከነገርሽኝ ሰሜኑን እኔ አገኘዋለሁ አሏት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራበታለች። ግን በዚያ ሰዓት ፋብሪካ ናት፤ መጋረጃውን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ወኪሏ ነው። ክፍሎቹን አንድ በአንድ በሐሳቧ ዞረች፤ የወጥ ቤቱን፣ የመኝታውን። ኢዮስያስ እግሩን እንደያዘች ተኝቶ መልሷን ይጠብቃል።

«እንጃ» አለች በመጨረሻ። «ስንደርስ እናየዋለን።»